እቤት የሠራሁት ሆርን ቤዙ አልወርድ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ባለ ኮምፖንሳቶ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለ 18 ሚሊ ኮምፖንሳቶ ቆርጬ ለ12 ኢንች ስፒከር ሆርን (ድምፁን የሚያጎላ፣ እንደ ጥሩምባ እየሰፋ የሚሄድ ሳጥን) ሠራሁ። የጥሩምባው ርዝመት 1.1 ሜትር፣ አፉ 40 በ50 ሳንቲም ነው። ከበሮው ደረት ይመታል፣ ወፍራሙ ቤዝ ግን ከ80 ኸርዝ በታች ድራሹ ይጠፋል። እኔ እስከ 40 እንዲወርድልኝ ነው የምፈልገው። ጓደኛዬ ትልቅ አምፕሊፋየር ግዛ ይለኛል። ብር ከማውጣቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ።

ሞንታርቦ ወዳጅ፦
እንዳትገዛ! ችግሩ ርዝመቱ ነው። ድምፅ በሰከንድ 344 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለ40 ስታካፍለው የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ይመጣል፤ ሆርኑ ደግሞ ቢያንስ የዚህን ሩብ፣ ማለትም 2.15 ሜትር መሆን አለበት። ያንተን 1.1 በዚሁ ሂሳብ ብታሰላው 78 ኸርዝ ነው፤ ጆሮህ ልክ ነው የሰማው። መንገዱን ሳጥኑ ውስጥ አጣጥፈህ አስረዝመው።

አናጢው፦
አፉም ጠቧል ወንድሜ። ሜዳ ላይ ቢሆን ለ40 ኸርዝ የአፉ ዙሪያ አንድ ሙሉ ሞገድ መሆን ነበረበት፤ ወርዱ 2.7 ሜትር የሆነ ጥሩምባ በየትኛው በር ይገባል? ጥግ ላይ ስታስጠጋው ግን ወለሉና ሁለቱ ግድግዳዎች የሆርኑ ቀጣይ ይሆኑልሃል፣ የአፉ ስፋት ስምንተኛው እጅ ይበቃል። 0.74 ካሬ ሜትር ገደማ። ያንተ 0.2 ነው። አሜሪካዊው የስፒከር መሐንዲስ ፖል ክሊፕሽም ክሊፕሽሆርን የተባለውን ታዋቂ ስፒከር የሠራው ጥግን ተጠቅሞ ነው።

ሳውንድ ሴት፦
ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ግን ስፒከሩን አትርሳ። ማግኔቱ ጠንካራ የሆነ፣ ኪውቲኤሱ (የስፒከሩ ንዝረት ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳየው ቁጥር፤ ሲያንስ የበለጠ ይገታል) 0.3 አካባቢ ያለው ይሻላል። ከኋላው ያለው ክፍል አየር እንዳያስተላልፍ መገጣጠሚያውን ሁሉ በኮላና በሲሊኮን ድፈነው። ከመቁረጥህ በፊት የሆርንን ድምፅ አስቀድሞ የሚያሰላውን ሆርንሬስፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተርህ ላይ ጫንና ቁጥሮችህን አስገባ፤ እኔን ስንት ጣውላ ከማበላሸት አድኖኛል። ሌላው ደግሞ ሃይ ፓስ ፊልተር (ከተወሰነ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚቀንስ) 35 ኸርዝ ላይ አድርግ። ሆርኑ ከሚችለው በታች ሲሆን ኮኑን (የሚርገበገበውን የስፒከሩን ፊት) የሚይዘው ነገር የለም፣ ያለ ልክ ይወዛወዝና ኮይሉ (ከኋላው ያለው የሽቦ ጥቅል) ይጎዳል።

ባለ ኮምፖንሳቶ፦
እህቴ፣ ሁላችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሳሎኔ ውስጥ ባዶ ያለው ጥግ አንድ ብቻ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ በር አለ። ይሆናል?

አናጢው፦
በሩ ሲከፈት አንዱን ግድግዳ አጣህ ማለት ነው። ሌላኛው ጥግ ላይ ሶፋ ካለ ሶፋውን አንሳ።