የአሜሪካ «ትራይባል ሎን» ማስታወቂያ፦ «የጎሳ መንግሥት አበዳሪ» ማለት ምንድን ነው?

የፒያሳው
ሰላም ለዚህ ቤት። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ በኢንተርኔት 800 ዶላር ተበድሮ ውሉን በቴሌግራም ልኮልናል። ማስታወቂያው «ፔይዴይ ሎን (እስከ ደመወዝ ቀን የሚሰጥ አጭር ብድር) አይደለም፣ ክሬዲት (የብድር ታሪክ) አናይም፣ የምንሠራው በጎሳ መንግሥት ሕግ ነው» ይላል። ጎሳው የማን ነው? ባይከፍል ይታሰራል? ውሉ ላይ ቀድመን ምኑን እንይ?

ሒሳብ ሹሙ
ማስታወቂያውን ተወውና ውሉ ላይ ያለውን ሳጥን ፈልግ። የአሜሪካ ሕግ ኤፒአር የሚባለውን የዓመት ወጪ በመቶኛ፣ የብድሩን ዋጋ፣ በእጅ የሚገባውን ገንዘብና ጠቅላላ የሚከፈለውን ለይተው እንዲጽፉ ያስገድዳል።

ለምሳሌ 800 ዶላር፣ ኤፒአሩ 650 ከመቶ፣ በየሁለት ሳምንቱ 20 ጊዜ የሚከፈል ቢሆን፣ አንዱ ክፍያ 202 ዶላር ከ33 ሳንቲም ይመጣል። ከመጀመሪያው ክፍያ 200 ዶላሩ ወለድ ነው። ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 2 ዶላር ከ33 ሳንቲም ብቻ! በ40 ሳምንት ውስጥ ለ800 ዶላር 4,046 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይከፈላል። «ፔይዴይ አይደለም» መባሉ እውነት ነው፤ ግን በ100 ዶላር 15 ዶላር የሚያስከፍለው የሁለት ሳምንት ፔይዴይ እንኳ 391 ከመቶ ገደማ ነው። ይኼኛው ከዚያም ይብሳል።

ሳጥኑም ራሱ ሊዋሽ ይችላል። በጎሳ ስም በኢንተርኔት ያበድር በነበረው በስኮት ታከር ድርጅቶች ላይ በቀረበው ክስ፣ 300 ዶላር የተበደረ ሰው ውሉ ላይ የሚያየው ጠቅላላ ክፍያ 390 ዶላር ሲሆን፣ በተግባር 975 ዶላር ይወሰድበት ነበር። ደመወዝ በገባ ቁጥር 90 ዶላር ለ«ማደሻ» ይነሳል፤ ዋናው ዕዳ ግን አይነካም። ስለዚህ «ሪኒው» የሚል ቃል ያለበትን አንቀጽ ሁሉ ደጋግማችሁ አንብቡ። ታከር እ.ኤ.አ. በ2018 የ16 ዓመት ከ8 ወር እስራት ተፈርዶበታል።

ልደታ አካባቢ
«ጎሳ» ሲባል እዚህ እኛ በምናውቀው ስሜት አትውሰደው። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ በፌዴራል መንግሥቱ ዕውቅና ያላቸው፣ የራሳቸው አስተዳደርና ፍርድ ቤት ያላቸው። ያለመከሰስ መብትም አላቸው፤ አበዳሪዎቹ የሚፈልጉት ይህንን ነው። በታከር ጉዳይ ጎሳዎቹ ከገቢው ያገኙ የነበረው 1 ከመቶ ያህል ነው፤ ገንዘቡ የሌላ ሰው፣ ስሙ የጎሳው። እኔን የሚያበሳጨኝ ተበዳሪውም ጎሳውም በአንድ ማስታወቂያ መጎዳታቸው ነው።

«የክፍለ ሀገሩ ሕግ አይመለከተንም» የሚለው ማስፈራሪያ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ፈቃድ የሌለው አበዳሪ በዓመት ከ12 ከመቶ በላይ ማስከፈል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሪችመንድ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ከጎሳው ይዞታ ውጭ ለተሰጠ ብድር የአበዳሪውን ኃላፊዎች በቨርጂኒያ ሕግ ከሶ ማስቆም እንደሚቻል ወስኗል።

ለዕዳ ብሎ እስር የለም። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ደመወዝ አይያዝም፤ አበዳሪው በቀጥታ ለአሠሪው የሚልከው ደብዳቤ ትእዛዝ አይደለም።

ካዛንቺስ
ከሒሳቡ እየቆረጡ እንዳይወስዱበት፦ ለአበዳሪው «ከሒሳቤ እንድትወስዱ የሰጠሁትን ፈቃድ አንስቻለሁ» ብሎ በኢሜይል ይጻፍና ቅጂውን ይያዝ። ከዚያ ከክፍያው ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን ቀደም ብሎ ለባንኩ ይንገር። በቃል ከነገረ ባንኩ በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ሊጠይቀው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ባንኩን «የ202.33 ክፍያ አቁሙልኝ» ይላል። አበዳሪው ሳንቲሟን ለውጦ 202.30 ብሎ ሲጠይቅ ያልፋል። በድርጅቱ ስም፣ ስቴትመንቱ ላይ እንደተጻፈው፣ ያስቁም። አንዳንድ ውል ፈቃዱ ቢነሳም ያለ ፊርማ ቼክ እንዲያወጡ የሚፈቅድ አንቀጽ አለው። እሱ ካለ ደመወዙን ሌላ ባንክ በተከፈተ አዲስ ሒሳብ ቢያስገባ ይሻላል።

ለገሃር
ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ የሒሳብ ሹሙ ስሌት እዚህ በስልካችን ለሚመጣውም ይሠራል። «5 ከመቶ ብቻ» ሲባል ለስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ። 3,000 ብር ለ7 ቀን፣ 150 ብሩ ቀድሞ ተቆርጦ 2,850 ከደረሳችሁ፣ በዓመት 274 ከመቶ ነው። ብድሩ ሳይለቀቅ በግለሰብ ስልክ ቁጥር «የአገልግሎት» ላኩ ካሉ ደግሞ ብድርም የለም። አበዳሪው ፈቃድ ያለው መሆኑን ከብሔራዊ ባንክ ድረ ገጽ ማየት ይቻላል።

የፒያሳው
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሳጥኑ 600 ምናምን ይላል። ገንዘቡ የገባለት ትናንት ማታ ነው፣ አልነካውም።

ካዛንቺስ
ካልነካውማ «ራይት ቱ ሪሲንድ» (ውሉን የመሰረዝ መብት) የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ብዙዎቹ ውሎች በማግስቱ የሥራ ቀን ዋናውን ብቻ መልሶ ያለ ወለድ መውጣት ይፈቅዳሉ፤ የሰዓቱ ገደብም እዚያው ተጽፏል። በኢሜይልም በስልክም ያሳውቅ፣ 800ውን ከሒሳቡ አያንቀሳቅስ። እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን በበጋቸው ቨርጂኒያ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ አሁኑኑ ደውልለት።