ሚስት ያልፈረመችበት ቤት፣ ከቀብዱ ኮሚሽን የቆረጠ ደላላ

የሳቢያን ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ድሬዎች። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት ልገዛ ነበር። ደላላው የሰፈር ልጅ ነው፣ አመንኩት። 100 ሺህ ብር ቀብድ ለሻጩ እንዲሰጥልኝ በራሱ ሂሳብ አስገባሁ። የተያዘው ወረቀት ከደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ ነው። «ሳቢያን የሚገኘው ቤት» ይላል፣ የካርታ ቁጥር የለውም። ሻጩ ፈርሟል፣ ደላላው ደግሞ እማኝ ነው። አሁን ሚስትየው «እኔ ሳላውቅ ማን ሸጠው?» ብላ ተነሳች። ደላላው ብሩን አልሰጠውም፤ «እኔ አገናኝቻለሁ» ብሎ 40 ሺውን ቆርጦ ሊመልስልኝ ነው። ይችላል?

የከዚራ ጥላ፦ አብሽሪ። ድሬ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ 213/1992። አንቀጽ 68 የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ግን መጀመሪያ ቤቱ የጋራ መሆኑን አጣሪ። ባልየው ከጋብቻ በፊት ያፈራው ወይም የወረሰው ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

መዝገብ ቤት፦ ጠበቃ ነኝ። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723። ያቺ የደብተር ገጽ ይህን አታሟላም። ቀብድን በተመለከተ የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1885 ሰጪው ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፍ ይመልሳል ይላል። ግን እጥፉን ብለሽ አትነሺ፤ ውሉ ስላልተመዘገበ ያከራክራል። የራስሽን 100 ሺህ ማስመለስ ላይ አተኩሪ። ደላላው በአደራ የያዘውን ብር በራሱ ሥልጣን ለኮሚሽን መቁረጥ አይችልም። የሚገባው ነገር ካለ ይጠይቅ፣ ይክሰስ። የባንክ ደረሰኙን ያዢ፤ ዋናው ማስረጃሽ እሱ ነው።

ላይላ፦ እሺ፣ ግን ማን ነው በደላላ ሂሳብ ቀብድ የሚያስገባው? 😅

ድለላ በፈቃድ፦ እኔም ደላላ ነኝ፣ ስማችንን እንዲህ ያሉት ናቸው የሚያጠፉት። በንግድ ሕጉ ደላላ ራሱን ችሎ ተዋዋዮችን የሚያገናኝ ነጋዴ ነው፣ ንግድ ፈቃድ ያወጣል። ገዢ ይዤ ከመሄዴ በፊት ዋናውን ካርታ አያለሁ። እዳና እገዳ እንዳለበት አስጣራለሁ። ሻጩን የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ እጠይቃለሁ፣ ያለዚያ ውልና ማስረጃ ሄደን ነው የምንመለሰው። ኮሚሽኔን የምቀበለው ውል ሲፈረም ነው። ከሁለቱም ወገን የምቀበል ከሆነ ለሁለቱም እናገራለሁ። ሌላም አለ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለ ቤት የሚያሳይ ደላላ በ1998 ክረምት ጎርፉ የት ድረስ እንደገባ እያወቀ ዝም ካለ፣ እሱ ደላላ አይደለም። ያንቺው ሚስት እንዳለች ያውቅ ነበር?

የሳቢያን ልጅ፦ ሰርጋቸውን አብሮ የበላ ነው!

መዝገብ ቤት፦ እንግዲያው እያወቀ ደብቆሻል፣ ኪሳራም ካለሽ ልትጠይቂው ትችያለሽ። መጀመሪያ «100 ሺሁን እስከዚህ ቀን መልስ» ብለሽ በጽሑፍ ስጪው፣ የተቀበለበትን አስፈርሚ። እምቢ ካለ ፍርድ ቤት።

የሳቢያን ልጅ፦ ቤቱን ግን ወድጄዋለሁ። ሚስትየውን ላናግራት?

ድለላ በፈቃድ፦ አናግሪያት። ያለ እሱ ግን።

የከዚራ ጥላ፦ ከተስማማች ሁለቱንም ይዘሽ ውልና ማስረጃ ሂጂ። ቀብዱን እዚያው ለሻጮቹ ስጪ።