«ታይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በስፖርት ዜና እንዴት ልተርጉመው?

«ታይ» ገመድ ወይም የጫማ ክር ሲሆን «ማሰር» ይበቃዋል፤ አንገት ላይ ሲውል ክራቫት ነው። «ታይድ አፕ» የተባለ ሰውም ሥራ ጠምዶታል ማለት ነው (አማርኛው እንዲያውም ይበልጣል)። የቸገረኝ እግር ኳሱ ነው። እንግሊዞች በጥሎ ማለፍ የሁለት ቡድኖችን ፍልሚያ በሙሉ፣ አንድ ጨዋታም ይሁን ደርሶ መልስ፣ «ታይ» ይሉታል። አሜሪካኖች ግን በዚያው ቃል አቻ ውጤትን ይጠሩበታል።

ለምሳሌ የመጀመሪያውን ጨዋታ ባለሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ፣ በመልሱም ተጋጣሚው በሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ እንበል። ሁለቱም ጨዋታዎች አሸናፊ አላቸው፣ «ታይ»ው ግን በድምር 3 ለ 3 እኩል ነው። «ጨዋታው በአቻ ተጠናቀቀ» ብዬ ብጽፍ ስህተት ነው። በአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ውድድሮች እንዲህ ሲሆን ወደ 30 ደቂቃ ጭማሪ ይኬዳል፤ ስለዚህ ልዩነቱ በግልጽ መታየት አለበት።

«ግጥሚያ» ብል አንባቢ አንዱን ጨዋታ ይመስለዋል። «የደርሶ መልስ ፍልሚያ» ደግሞ ለርዕስ ረዘመ፣ ለአንድ ጨዋታ ፍልሚያም አይሆንም። ሁለቱንም የሚይዝ አጭር ቃል የምታውቁ ብትጠቁሙኝ?