የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ የቫይረሱን ስርጭት ምን ያህል በትክክል ያሳያል?

ጥያቄ፦
የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። ስለ ኮቪድ-19 ስርጭት ሳነብ፣ በደም ናሙና ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፕሮቲን) የፈለጉ ጥናቶች በፒሲአር (ቫይረሱን ራሱን በሚፈልገው ምርመራ) ከተመዘገበው እጅግ የሚበልጥ ሕዝብ ተይዞ እንደነበር ይገልጻሉ። መመርመሪያው 98 በመቶ ትክክለኛ ከተባለ፣ ውጤቱን እንዳለ መቀበል የማይበቃው ለምንድን ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦
በላቦራቶሪ እሠራለሁ። የተያዘውን ሰው የማግኘት አቅምና ያልተያዘውን ነጻ የማለት አቅም የተለያዩ ስለሆኑ፣ 98 በመቶ የተባለው የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ከ1000 ሰዎች በእርግጥ የተያዙት 20 ናቸው እንበል። መመርመሪያው ከእነዚህ 90 በመቶውን ቢለይ 18 ያገኛል፤ ካልተያዙት 980 ሰዎች 2 በመቶውን በስሕተት ፖዘቲቭ ቢል ደግሞ 20 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ እውነተኛው ስርጭት 2 በመቶ ሳለ ጥሬው ውጤት 3.8 በመቶ ይሆናል፤ ፖዘቲቭ ከተባሉትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፈጽሞ ያልተያዙ ናቸው። ማረሚያው ከ3.8 ላይ 2ን ቀንሶ ለ0.88 ማካፈል ነው፤ ይህም ከ90 በመቶው ላይ 2 በመቶው ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ስርጭቱ 40 በመቶ በደረሰበት ቦታ ግን ያው ስሕተት ብዙም አይጎዳም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ 3330 ሰዎች ተመርምረው 50 ፖዘቲቭ በተገኙ ጊዜ ብርቱ ክርክር የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነበር። ይህ 1.5 በመቶ ስለሆነ፣ መመርመሪያው በዚያው መጠን ቢሳሳት ሁሉም ሐሰተኛ ሊሆኑ ይችሉ ነበር።

መልስ 2፦
በዚያ ጥናት ተሳታፊዎቹ በፌስቡክ ማስታወቂያ መመልመላቸውም መዘንጋት የለበትም፤ ምልክት ታይቶበት የተጠራጠረ ሰው ለመመርመር ይበልጥ ይነሣሣልና። ስፔን በዚያው ዓመት በሚያዝያና በግንቦት ያካሄደችው ጥናት በዕጣ ከተመረጡ ቤተሰቦች ከ61,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ነበር። በአገር ደረጃ 5 በመቶ ገደማ ሲገኝ በማድሪድ አካባቢ ከ10 በመቶ አልፏል፤ ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘባቸውም ሲሶ ያህሉ ምንም ምልክት አልታየባቸውም ነበር። በእኔ እምነት ከመመርመሪያው ጥራት ይልቅ የናሙናው አመራረጥ ይበልጥ ያሳስባል፤ የመመርመሪያው ስሕተት በስሌት ይታረማል፣ ያልመጣውን ሰው ግን ስሌት አይተካውም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ክትባት ከተጀመረ በኋላስ የተያዘውን ከተከተበው እንዴት ይለያሉ?

መልስ 1፦
እንደ አስትራዜኔካ ያሉ ክትባቶች ሰውነትን የሚያስተዋውቁት ከቫይረሱ የላይኛው ሹል ፕሮቲን ጋር ብቻ ስለሆነ፣ በውስጠኛው ፕሮቲን ላይ የሚነሣ ፀረ እንግዳ አካል ከተገኘ ሰውየው ተይዞ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያም የተሰጠው ሲኖፋርም ከሙሉ ቫይረስ የተዘጋጀ በመሆኑ ሁለቱንም ያስነሣል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ተመርማሪውን የትኛውን ክትባት መቼ እንደወሰደ መጠየቅ የግድ ነው። ከወራት በኋላ የፀረ እንግዳ አካሉ መጠን ስለሚቀንስም፣ ቀድሞ የተያዘ ሰው ኔጋቲቭ ሊወጣ ይችላል።