የሐዋሳ የምርጫ ክልሎች ወሰን ቆጠራ ሳይጠበቅ ይከለስ?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ በሐዋሳና በዙሪያዋ ያሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ክልሎች ወሰን አዲስ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሳይጠበቅ ሊከለስ ይገባል ወይ የሚለው ነው። ተከራካሪዎቹ በየክፍለ ከተማቸው ስም የሚጠሩ የሐዋሳ ነዋሪዎች ናቸው።

ከታቦር፦ ይገባል ባይ ነኝ። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ሲካሄድ የከተማ አስተዳደሩ ነዋሪ ከ258 ሺህ ብዙም አይበልጥም ነበር። በ2008 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ከየገጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ለሥራ መጥተዋል፤ በ2012 ደግሞ ከተማችን የሲዳማ ክልል መዲና ሆናለች። አንድ የምክር ቤት አባል የሚወክለው ሕዝብ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ መራጭ ድምፅ ክብደት ይቀንሳል።

ከመናኸሪያ፦ የታቦሩ ወንድማችን የገለጹትን የከተማዋን ዕድገት የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ንዑስ አንቀጽ 5 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችንም ወሰን በቆጠራው ውጤት መሠረት፣ ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንዲወስን ያዛል። በግምት ወሰን ማካለል ነገ ለማንም አስፈጻሚ በር ይከፍታል። ሌላም አለ፦ አንቀጽ 54 የመቀመጫውን ብዛት ከ550 እንዳይበልጥ ሲገድብ አሁን ያሉት 547 ናቸው። ለሐዋሳ፣ ለአዳማ፣ ለባሕር ዳር፣ ለሌሎችም ከተሞች እንጨምር ከተባለ ትርፉ ሦስት ወንበር ብቻ ስለሆነ፣ የቀረው ከማን ላይ ይነሣል? የወንበር ድልድሉም ቢሆን ቀድሞውኑ በሕዝብ ብዛት ብቻ አልተሠራም፤ በዚያው በ1999 ቆጠራ 183 ሺህ ሕዝብ የነበረው ሐረሪም፣ 341 ሺህ የነበረው ድሬዳዋም እኩል ሁለት ሁለት ወንበር አላቸው።

ከሐዌላ ቱላ፦ የእኛ የገጠር ቀበሌዎች ስጋት ሌላ ነው። ከተማው እየሰፋ የእንሰት ማሳችን ድረስ መጥቷል። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ብዙ ድምፅ ያገኘው አንድ ተወዳዳሪ ወንበሩን ጠቅልሎ ስለሚወስድ፣ ወሰኑ እንደገና ሲሠመር ከከተማው ሰፈሮች ጋር ብንቀላቀል ስለ መሬት ካሣ የሚናገርልን ተወካይ አናገኝም።

ከታቦር፦ የቱላው ወንድሜ ስጋት ተገቢ ነው፤ መልሱም ወሰኑ ሲሠመር ገጠሩ ራሱን ችሎ እንዲቆም መጠየቅ እንጂ የድሮው እንዲቀጥል መፍቀድ አይደለም። መናኸሪያ የጠቀሱልን አንቀጽ ግን በየ10 ዓመቱ ይላል። ቆጠራው በ2011 ሲራዘም ያ ገደብ አልፎ ነበር። ታዲያ አንዱ ግዴታ ሳይፈጸም ሲቀር ሌላው እንዴት እንደ ግድግዳ ይጠቀስብናል? ቢያንስ ምርጫ ቦርድ የጥናት ረቂቁን ከአሁኑ ይጀምር።

ከሐይቅ ዳር፦ ሁላችሁም ስለ መሥመር ስትከራከሩ መራጩ ተረሳ። ለመራጭነት ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። አንዲት የፓርኩ ሠራተኛ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል ዓመት ብትቆይ እንኳ የነዋሪነት መታወቂያዋ የወላጆቿ ቀበሌ ነው፤ አከራዩም ስሟን ለማስመዝገብ ብዙ ጊዜ ፈቃደኛ አይሆንም። የምርጫ ክልሉ ለሁለት ቢከፈል እንኳ እርሷ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም። እኔ የምለው፣ ቅድሚያ ቀበሌዎች ለተከራይ መታወቂያ የሚሰጡበት አሠራር ይቃለል፤ ይህ የማንንም ወንበር አይነካም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤትንም ውሳኔ አይጠብቅም።