ስሜን ቀይሬያለሁ፤ ወረቀቱን ከየት ልጀምር?

ሰላም ለሁላችሁ። ሚኒሶታ የምኖር የትራክ ሾፌር ነኝ። ትራንስጀንደር ሴት ነኝ። ስሜን በፍርድ ቤት አስቀይሬያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን መላው ጠፍቶኛል።

አንደኛ የጨነቀኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ አለ፣ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱ) አለ፣ የዶት ሜዲካል ካርድ (ለመንዳት ጤናዬ ብቁ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት) አለ። ክሊሪንግሃውስም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሾፌሮች የአደንዛዥ ዕፅና የአልኮል ጥሰት የሚመዘገብበት የፌደራል መዝገብ ማለት ነው። አሠሪ ቢያንስ በዓመት አንዴ ያየዋል። አንዱ ወረቀት በአዲሱ፣ ሌላው በአሮጌው ስም ሆኖ መንገድ ላይ ኢንስፔክሽን ቢያገኘኝስ? ያለፈበት ሰው ካለ የቱን እንዳስቀደመ ይንገረኝ።

የባሰው ግን ሌላ ነው። የምነዳው ቲም ነው፤ ሁለት ሾፌር በአንድ ትራክ እየተፈራረቅን ማለት ነው። አጋሬ የአገሬ ልጅ ነው፤ ደግ ሰው ነው። ግን ከጓደኞቹ ጋር በስልክ ሲያወራ እንደኔ ስላሉ ሰዎች የሚባለውን ከኋላ ተኝቼ እሰማለሁ። ያማል። ሻወሩ እንኳ አያስቸግረኝም፤ ትራክ ስቶፕ ላይ ለየብቻ የሚቆለፍ ክፍል ነው። የከበደኝ ያ ጠባብ ካቢን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቦስቶክ በሚባለው ጉዳይ ሰውን ትራንስጀንደር ስለሆነ ከሥራ ማባረር ሕገወጥ ነው ብሏል። የሚኒሶታ ሕግም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ይከለክላል። ሥራዬን ሕጉ ይጠብቅልኝ ይሆናል፤ ወሬውን ግን ማን ያስቆምልኛል? እናቴ አዲስ አበባ ናት። ከሰው አፍ እንድትሰማ አልፈልግም።

ሶሎ (ብቻዬን መንዳት) ልጠይቅ ወይስ ለአጋሬ ራሴ ልንገረው? ለኤችአር (ለሰው ኃይል ክፍሉ) የነገራችሁስ በጽሑፍ ነው በቃል? እባካችሁ፣ የምታውቁትን ንገሩኝ።