በጎን ንፋስ ስነሳ 737ቱ ለምን ይጋደምብኛል?

ቤቢ (ጠያቂ)፦ ሰላም ጓዶች፣ ሲሙሌተር (የበረራ ማስመሰያ) ላይ ቦይንግ 737-800 ይዤ ከቦሌ ራንዌይ 07 ቀኝ (አቅጣጫው 70 ዲግሪ ገደማ) ልነሳ ንፋሱን ከ160 ዲግሪ 20 ኖት (የፍጥነት መለኪያ) አደረግኩት፣ ማለት ጥርት ያለ የቀኝ ጎን ንፋስ ነው። ሴስና (ትንሿ አውሮፕላን) ላይ እንደለመድኩት ዮኩን (መሪውን) እስከ ጥግ ወደ ቀኝ አዙሬ ሮጥኩ፣ ገና ጎማው መሬት ሲለቅ ቀኝ ክንፉ ዘጭ! ሶስቴ ሞከርኩ ሶስቴም ያው። ኤሌሮን (ዮኩ የሚያንቀሳቅሰው፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው የክንፍ ጫፍ ክፍል) ወደ ንፋሱ አይደል እንዴ የሚባለው?

ናቲ፦ ወደ ንፋሱማ ነው፣ ሙሉውን ያዝና ፍጥነት ሲመጣ ቀንስ፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው

ጡረተኛው፦ ናቲ ልጄ እሱ ለሴስና ነው። ጄት ላይ ዮኩን ብዙ ስታዞር ኤሌሮኑ ብቻ አይደለም የሚሰራው፣ ባዞርክበት በኩል ስፖይለሮቹም (ክንፉ ላይ የሚነሱት ሳህኖች) ይነሳሉ፣ 737 ላይ ዮኩ 10 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ይጀምራሉ። ያ ክንፍ ሊፍት (ወደ ላይ የሚያነሳውን ኃይል) ያጣል፣ ድራግ (የአየር ጉተታ) ይጨምራል፣ አፍንጫውንም ወደዛው ይጎትተዋል፤ ንፋሱ ጭራውን ገፍቶ አፍንጫውን ወደ ቀኝ ሲያዞረው የነበረው ሳያንስ! ሮቴት ስታደርግ (ለመነሳት አፍንጫውን ስታቀና) ደሞ ሊፍት ስለጎደለህ ጭራው መሬት ሊልስ ይችላል።

ቤቢ፣ ዮኩን መሃል አድርገህ ጀምር፣ ሴንተርላይኑን (የራንዌዩን መሃል መስመር) በግራ ፔዳል (አፍንጫውን በሚያዞረው የእግር መርገጫ) ያዝ፣ ፍጥነት ሲጨምር ቀኝ ክንፍ ልነሳ ልነሳ ሲል ብቻ እኩል እስኪሆን ትንሽ ትንሽ ወደ ቀኝ ስጠው። መሬት ስትለቅ ዮኩ በቀኝ ፔዳሉ በግራ ነው፣ ድንገት እንዳትለቃቸው፣ ቀስ አድርገህ መልሳቸው፣ አፍንጫው ራሱ ወደ ንፋሱ ዞሮ ቀጥ ብሎ ይሄድልሃል።

ሜሪ፦ ኤርባስስ? ሳይድስቲኩን (በዮክ ፈንታ ያለውን የጎን እጀታ) ምን ያህል እንደገፋሁት እኮ አይታወቀኝም

ዴቭ፦ ሜሪዬ መሬት ላይ እያለሽ ፒኤፍዲው (ዋናው የበረራ ስክሪን) ላይ ነጭ መስቀል አለ አይደል፣ የስቲክሽ ቦታ እሱ ነው። ኤርባስ ኤ320 ላይ ስቲኩን ወደ ንፋሱ ማዘንበል እንደ ልማድ አይመከርም፣ ክንፉ ካስቸገረሽ ብቻ ትንሽ። የጎን ንፋሱ ከ20 ኖት ካለፈ ግን ስቲኩን እስከ 80 ኖት ሙሉ ወደ ፊት ትይዢና 100 ላይ መሃል ታደርሺዋለሽ።

ቤቢ፦ ጋሼ ማረፊያውስ?

ጡረተኛው፦ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አዙረህ ትመጣለህ፣ ፍሌር ላይ (ልትነካ ስትል አፍንጫውን ቀና ስታደርግ) በግራ ፔዳል ከራንዌዩ ጋር ታስተካክለዋለህ። ያኔ ቀኝ ክንፍ ወደ ፊት ስለሚወረወር ሽቅብ ይላል፣ ስለዚህ ፔዳሉና የቀኝ ኤሌሮኑ እኩል ነው የሚመጡት። ግን አታብዛው፣ የ737 ሞተር ለመሬት ቅርብ ነው። በፈረንጆቹ መጋቢት 2008 ሃምቡርግ ላይ አንድ ኤ320 በማዕበል እንዲሁ ከቀኝ ንፋስ ሲያርፍ የግራ ክንፉ ጫፍ ራንዌዩን ፍቆት ተነስቶ ሄደ፤ አንዱ ጎማ ሲነካ ሲስተሙ ወደ መሬት ሁነታ ገብቶ የስቲኩ አቅም ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር።

ቤቢ፦ አሁን ሞከርኩት፣ ዮኩ ከሩብ አላለፈም፣ ቀጥ ብሎ ወጣ!! ግራ እግሬ ግን ዛለ 😅